ጋሼ የሚጽፉበት ቦታ

ሥራ አስኪያጃችን ስክሪን በጣታቸው ይነካሉ። የስብሰባ አዳራሹ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ስክሪን በንክኪ የሚሠራ ዓይነት አይደለም፤ እሳቸው ግን ይነካሉ። ያልጣማቸው ቁጥር ካለ ከወንበራቸው ይነሡና ጠጋ ብለው ጣታቸውን ያሳርፉበታል፤ ትንሽ ገፋ ያደርጉታል፤ ቁጥሩ ንቅንቅ እንዳላለ ሲያዩ ወደ እኔ ይዞራሉ። የጽዳት ሠራተኛችን በወር መጨረሻ ስክሪኑን ስትወለውል ንግዱ እንዴት እንደነበረ ከማናችንም በፊት የምታውቅ ይመስለኛል። አሻራ የበዛበት ቦታ ጉድ ያለበት ቦታ ነው።

እኔ የድርጅቱ የዳታ ክፍል ነኝ። መዋቅሩ ላይ «ክፍል» ተብሎ ተጻፈ እንጂ ክፍሉ እኔና አንድ ላፕቶፕ ነን። ድርጅቱ የመኪና ጎማና ባትሪ ከውጭ እያስመጣ ለሐዋሳ፣ ለደሴ፣ ለጅማና ለባሕር ዳር ነጋዴዎች ያከፋፍላል። ድሮ ሪፖርቱ በኤክሴል ተሠርቶ፣ ፕሪንት ተደርጎ፣ በክላሰር ነበር የሚቀርበው። ያኔ ጋሼ (ሥራ አስኪያጁን ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው) ቀይ እስክሪብቶ ይዘው ያነቡ ነበር። ቁጥር ያከብባሉ፣ የጥያቄ ምልክት ያስቀምጣሉ፣ ጠርዙ ላይ «ይጣራ!» ብለው ይጽፉና ከሥሩ ይፈርማሉ። ክላሰሩ ሲመለስልን ከታተመው ይልቅ የተሞነጫጨረው ነበር ቁም ነገር ያለው። እኛም እሱን ይዘን ነበር ሥራ የምንጀምረው።

ከዚያ ፓወር ቢአይ መጣ። ማይክሮሶፍት በአውሮፓውያኑ 2015 ለገበያ ያዋለው የሪፖርት መሥሪያ ነው። እውነቱን ለመናገር እኔ ነኝ የወደድኩት። ካርታ አለው፣ ግራፍ አለው፤ ሐዋሳን ስትጫን ገጹ ሁሉ ሐዋሳ ሐዋሳ ይላል። ጋሼ ግን የመጀመሪያውን ገጽ ከላይ እስከ ታች አይተው ሲያበቁ መነጽራቸውን አወለቁ።

«አንቺ ልጅ፣ እኔ የምጽፍበት የታለ?»

«ጋሼ፣ ይሄ የሚታይ ነው። እዚህ ሲጫኑ ያጣራል፣ እዚህ ሲጫኑ ዝርዝሩን ያመጣል እንጂ አይጻፍበትም።»

«ታዲያ ቴሌቪዥን ነዋ ያመጣሽልን!»

ነገሩን ለማስረዳት ሞከርኩ። ፓወር ቢአይ በተለመደው አሠራሩ ዳታውን ከምንጩ ይቀዳና በራሱ ሆድ ውስጥ ጨምቆ ያስቀምጣል፤ ሪፖርቱ ላይ የምናየው ቅጂውን ነው፤ በቅጂ ላይ ተጽፎ ደግሞ ምንጩ አይታረምም። ይሄ የማይክሮሶፍት ስንፍና አይደለም። የዳታ ዌርሃውስ አባት የሚባለው ቢል ኢንሞን ለዳታ ዌርሃውስ ከሰጣቸው አራት ጠባዮች አንዱ አንዴ የገባ ዳታ አይነካካም የሚለው ነው። ደግሞም ልክ ነው። የሽያጭ ኃላፊው ያለፈውን ወር ሽያጭ ከወንበሩ ሳይነሣ ማረም ቢችል ኖሮ እስከ ዛሬ ዕቅዱን ሳናሳካ የቀረንበት ወር ባልኖረ ነበር።

ግን ጋሼም ያለ ምክንያት አልተቆጡም። በአውሮፓውያኑ 1979 ቪዚካልክ የተባለው የመጀመሪያው የግል ኮምፒውተር ሠንጠረዥ ሲወጣ፣ ሐሳቡን ያፈለቀው ዳን ብሪክሊን የሚባል የሐርቫርድ ቢዝነስ ትምህርት ቤት ተማሪ ነበር። ሐሳቡ የመጣለት ክፍል ውስጥ ቁጭ ብሎ ነው። አስተማሪ ሰሌዳ ላይ በሠራው ሠንጠረዥ አንዱ ቁጥር ሲለወጥ ተከትለው የሚመጡት ሁሉ እየተፋቁ እንደ አዲስ መጻፍ አለባቸው። አንዱን ቁጥር ብቻ ለውጬ ሌላው ራሱ ቢስተካከልስ አለ፤ ከቦብ ፍራንክስተን ጋር ሆነው ሠሩት። ስለዚህ ይሄ ሁሉ የጀመረው ሰው ቁጥር እንዲለውጥ ተብሎ ነው። ሰውየውን ከቁጥሩ አርቀን «ተመልከት፣ አትንካ» ያልነው ከዚያ ወዲህ የመጣን ባለሙያዎች ነን። እኔ ጎበዝ ሪፖርት ሠሪ ነኝ ብዬ አስባለሁ፤ ቢሆንም ከዚያ ክላሰር ጋር ጠርዙም አብሮ እንደ ሄደ ልብ ያልኩት ጋሼ ጣታቸውን ስክሪን ላይ ማሳረፍ ሲጀምሩ ነው።

ነገሩ በጣት አሻራ ብቻ ይቀጥል ይሆናል ብዬ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም መጣ። ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ማድረጉን ሲያስታውቅ አዲሱ የበጀት ዓመት ከገባ ገና ሦስት ሳምንቱ ነው። የኛ የዓመት ዕቅድ ጸድቋል፣ ተፈርሟል፣ ማኅተም አርፎበታል። ዕቅዱ ውስጥ ዶላር ወደ 57 ብር አካባቢ ነው። በዚያው ዕለት ባንክ ላይ ከ74 ብር አለፈ፤ ጥቂት ሳምንት ቆይቶ ደግሞ መቶን ተሻገረ። ጎማችን የሚገዛው በዶላር ነው። ጋሼ በቀን ብዙ ጊዜ እየደወሉ አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቁኛል፦ «መቶ ቢሆንስ? መቶ ሃያ ቢሆንስ?» እኔም አስልቼ እነግራቸዋለሁ፤ ስነግራቸው ጥያቄው ተለውጧል።

ለዚህ ለዚህማ ፓወር ቢአይ መላ አለው። «ቢሆንስ» ብሎ የሚጠይቅ ፓራሜትር የሚባል ነገር አለ። መነሻና መድረሻ ቁጥር ትሰጠዋለህ፣ በስንት በስንት እንደሚጨምር ትነግረዋለህ፤ እሱ በመሐሉ ያሉትን ቁጥሮች ደርድሮ ስላይደር ያወጣልሃል። አንባቢው ስላይደሩን ሲገፋው ትርፉ እንደገና ይሰላል። ከ50 እስከ 150 ብር እንዲሄድ አድርጌ ሠራሁና ለጋሼ አሳየኋቸው። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ተመስግኜ አላውቅም። «አሁን ሪፖርት ሆነ!» አሉ። ወዲያና ወዲህ እያሉ ስላይደሩን ሲጎትቱት ሻያቸው ቀዘቀዘ።

የሒሳብ ኃላፊያችን እትዬ ግን በስላይደር አይደለሉም። ባንኩ ዋጋ የሚያወጣው እስከ ሳንቲም ድረስ ነው፤ ስለዚህ እኔም በሳንቲም ልሥራው አሉ። በሳንቲም ሲሆን ከ50 እስከ 150 ድረስ 10,001 ቁጥር ይሆናል። ፓራሜትሩ ደግሞ ከ1,000 በላይ የተለያየ ቁጥር አይዝም፤ ከበዛበት እየዘለለ ከመሐል ይመርጣል። እትዬ 112.35 ብለው ይጽፋሉ፤ ሳጥኑ አጠገቡ ወዳለ ሌላ ቁጥር ይሄዳል። ደግመው ይጽፋሉ፤ ደግሞ ይሄዳል። «ልጄ፣ ይሄ ነገር ይሰርቃል» አሉኝ በዝግታ፣ ዓይን ዓይኔን እያዩ። ሒሳብ ክፍል ውስጥ ይህ ቃል ለቀልድ አይወጣም። ብዙ ተነጋግረን በስሙኒ ተስማማን። በሃያ አምስት ሳንቲም እየጨመረ ሲሄድ 401 ቁጥር ብቻ ነው፤ ሳጥኑም አይሸሽም። እትዬ እስካሁን ከልባቸው አልታረቁትም።

የሽያጭ ኃላፊው ደግሞ በሌላ በኩል መጣ። ቀደም ብሎ አስጨምሮኝ የነበረ፣ የእያንዳንዱን ጎማ ትርፍ የሚያሳይ ዓምድ ነበረው። ስላይደሩን ከዳር እስከ ዳር ቢጎትተው ዓምዱ ወይ ፍንክች። ዓምድ የሚሰላው ዳታው በታደሰ ሰዓት አንዴ ነው፤ ሰው ስክሪኑ ላይ ሲነካካ የሚሰላው ሜዠር የሚባለው ቀመር ነው። ይህን ስነግረው «የኔን ለይተሽ ነው የቆለፍሽው» አለኝ። ዓምዱን አንሥቼ በሜዠር ብተካለትም፣ የቆለፍኩትን አስገድዶኝ እንደ ከፈትኩ ነው ለሰው የሚያወራው።

ትልቁ ጉድ የፈላው ግን በስብሰባው ቀን ነው። ጋሼ «ሁላችሁም ሪፖርቱን በየላፕቶፓችሁ ከፍታችሁ ኑ» ብለው ነበር። አጀንዳው የዓመቱን ዕቅድ መከለስ ነው። ጋሼ በኪሳራ ጀመሩ፤ በዚህ ዓመት የምንገባበት ኪሳራ ይህን ያህል ነው ብለው ቁጥሩን ጠሩ። የሽያጭ ኃላፊው ተነሣና ኪሳራ የሚባል ነገር አላየሁም፣ እንዲያውም ካምናው የተሻለ ትርፍ አለን አለ። እትዬ ሁለታችሁም ተሳስታችኋል፣ ትርፍ አለ ግን ስስ ነው አሉ። የመጋዘን ኃላፊያችን ሻምበል (ጡረታ የወጡ ወታደር ስለሆኑ ሁላችንም እንደዚያ ነው የምንጠራቸው) ትርፉ ዱሮ እንደ ታቀደው ነው፣ አንዲት ብር አልተነካችም አሉና ቁጭ አሉ። አራቱም ከአንድ ገጽ ነው የሚያነቡት። ክርክሩ ጦፈ። «ሲስተሙ ነው የሚለው» የማይል አልነበረም።

ፓወር ቢአይ እያንዳንዱ ሰው ስላይደሩን የት ላይ ትቶት እንደ ሄደ ያስታውሳል፤ በሚቀጥለው ቀን ስትከፍተው ካስቀመጥክበት ታገኘዋለህ። ያንተን ግን ሌላው ሰው አያየውም። ጋሼ ስላይደሩን 120 ላይ አድርገው ነበር የተኙት። የሽያጭ ኃላፊው 85 ላይ። እትዬ የዕለቱ የባንክ ዋጋ ላይ፣ እሱም በስሙኒ ተጠግቶ። ሻምበል ስላይደሩን ጨርሶ ነክተውት ስለማያውቁ የኔው መነሻ 57 ብር ላይ ናቸው። እዚህ ላይ ሳልደብቅ የምናገረው፣ ከዚያ በፊት በሠራኋቸው ሪፖርቶች ሁሉ እንደዚያች ስላይደር ስለ መሥሪያ ቤታችን እውነት የነገረኝ የለም። ሰው የሚፈራውንና የሚመኘውን ዶላር ራሱ ጎትቶ አስቀምጦት ታየዋለህ። በማግስቱ ገጹ አናት ላይ በትልቁ «ይህ ትርፍ የተሰላው አንድ ዶላር በዚህን ያህል ብር ነው ተብሎ ነው» የሚል ጽሑፍ አስገባሁ፤ ቁጥሩ ከስላይደሩ ጋር አብሮ ይለዋወጣል። ክርክሩ አልቆመም፤ ግን ቢያንስ በምን እንደሚከራከሩ ያውቃሉ።

ጋሼ ስላይደሩን ሲጠግቡት ዋናውን ጥያቄ አመጡ። «ይሄ እኔ የገፋሁትን እንጂ ያልኩትን አይዝም። ሐዋሳ ለምን እንደ ወረደ ሐዋሳ ራሱ ይጻፍልኝ።» እውነት ነው፤ ስላይደር አንዴ አስልቶ ያሳይሃል እንጂ የትም አይመዘግብም። ለመመዝገብ ከሪፖርቱ ውጭ የሆነ ጎተራ ያስፈልጋል። ፓወር ቢአይ ላይ ይሄ የሚደረገው ፓወር አፕስ በሚባለው ወንድሙ ትንሽ ቅጽ ሠርቶ ሪፖርቱ ገጽ ውስጥ በመሰካት ነው። አንባቢው ግራፉ ላይ ሐዋሳን ሲጫን ቅጹ ሐዋሳ መመረጡን ያውቃል፤ አንባቢው ይጽፋል፣ «ላክ» ይላል፣ የተጻፈው ለብቻው በተዘጋጀ ዝርዝር ውስጥ ይገባል። የሽያጩን ቁጥር የሚነካው የለም። ኢንሞንም ደስ ይለዋል፣ ጋሼም ደስ ይላቸዋል ብዬ አሰብኩ።

የመጀመሪያው ቀን ጠዋት ለየክፍሉና ለየቅርንጫፉ በቴሌግራም መልእክት አስተላለፍኩ፦ ከዕቅድ በታች የሆናችሁበትን ምክንያት እዚህ ሳጥን ውስጥ ጻፉ። የሽያጭ ኃላፊው ለአርአያነት ቀድሞ ጻፈ። «በኤልሲ መዘግየት ምክንያት ዕቃ ባለመግባቱ ነው።» ላክ አለው። ስክሪኑ ላይ ግን ምንም ነገር አልታየም። ዝርዝሩ ውስጥ ገብቷል፤ ሪፖርቱ ግን የሚያየው ቅጂውን ነው፣ ቅጂው የሚታደሰው ደግሞ በተቀጠረለት ሰዓት። እኛ በከፈልነው ፈቃድ በቀን 8 ጊዜ ብቻ ነው ቀጠሮ የሚያዝለት። ይሄን ማን ይንገረው? እንደገና ጻፈ፦ «በኤልሲ መዘግየት!» ከዚያ «ኤልሲ!!» ከዚያ «ቴስት»። ከዚያ «ሰሚ አለ?» በመጨረሻም ለራሱ የሚናገር መስሎት ስለ እኔና ስለ ዳታ ክፍሌ የተሰማውን ጻፈ።

ልክ ስድስት ሰዓት ላይ ሪፖርቱ ታደሰ። ጋሼ ቢሮ ትልቁ ስክሪን ላይ ሁሉም በተራ ቁልቁል ተደረደሩ። ጋሼ መነጽራቸውን አደረጉና ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጮክ ብለው አነበቡ፤ የመጨረሻዋን ሁለት ጊዜ። የሽያጭ ኃላፊው በዚያ ሳምንት እኔን ሲያየኝ በደረጃ ነበር የሚወርደው፣ ሊፍቱ እየሠራ። ለነገሩ መድኃኒቱ ቀላል ነው። ዝርዝሩን ወደ ዳታቤዝ አዛወርኩትና ያቺን ሠንጠረዥ ብቻ ሪፖርቱ ሳይቀዳ በቀጥታ እንዲያነባት አደረግኩ፤ ሌላው እንደ ዱሮው በቅጂ ይሄዳል። «ላክ» ሲሉ «ተመዝግቧል» የምትል ቃል ብቅ እንድትልም ጨመርኩ። ከዚች ቃል ወዲህ «ቴስት» ብሎ የጻፈ ሰው የለም።

ቅርንጫፎቹ መጻፍ ሲጀምሩ ደግሞ ፊደላችን ተነሣብኝ። ምክንያቶቹን ቆጥሮ ትልቁን ከላይ የሚያደርግ ግራፍ ሠርቼ ነበር። ግራፉ ረዥም አጥር ሆነ፤ እያንዳንዱ አሞሌ አንድ አንድ ሰው ነው። አንዱ «የዕቃ እጥረት» ይላል፣ አንዱ «የእቃ እጥረት» ይላል፣ አንዱ «የእቃ ዕጥረት»። ኤልሲ በነጥብ አለ፣ ያለ ነጥብ አለ፣ ተለያይቶ የተጻፈ አለ፣ በላቲን ፊደል የተጻፈም አለ። ሐዋሳማ ሐዋሳ፣ ሀዋሳ፣ አዋሳ ሆኖ ሦስት ከተማ ወጣው፤ ከሦስቱ አንዱ በሽያጭ አንደኛ ነው። ሰው ሲያነብ ሀም ሐም ኀም አንድ ናቸው። የኢትዮጵያ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ ውስጥ ሲገባ ግን ለእያንዳንዱ ፊደል የየራሱ ቁጥር ነው የተሰጠው፤ ኮምፒውተሩም በቁጥሩ ነው የሚያውቃቸው። የየኔታን ተማሪ ያስመታ የነበረው የሀ እና የሐ ልዩነት ቢሮ ድረስ ተከትሎኝ መጣ። ከመቁጠሩ በፊት ሞክሼዎቹን ሁሉ ወደ አንዳቸው የሚመልስ ቀመር ጻፍኩ። ሰው የጻፈው ግን እንደ ጻፈው እንዲቀመጥ ነው ያደረግኩት፤ «ፀሐይ» ብሎ የጻፈን ሰው «ጸሀይ» ብዬ ላርመው ምን ሥልጣን አለኝ?

ቀን ግን ከፊደል ባሰ። ሻምበል ኮንቴይነሩ ሞጆ ደረቅ ወደብ የሚገባበትን ቀን እንዲሞሉ ሳጥን ሰጥቻቸው ነበር፤ ሪፖርቱ ከዛሬው ቀን ጋር እያነጻጸረ የዘገየውን በቀይ ያወጣል። ሻምበል 28/2/2017 ብለው ጻፉ። ጥቅምት 28 ማለታቸው ነው። ሳጥኑ ግን ፌብሩዋሪ 28 ቀን፣ በፈረንጆቹ 2017 ብሎ ተቀበለው። ኮንቴይነሩ ከ2,800 ቀን በላይ ዘግይቷል ብሎ ሪፖርቱ ደም መሰለ። ጋሼ ስልክ አነሡ። «ሻምበል፣ ይሄ ጎማ ሰባት ዓመት የት ነበር?» ሻምበል የተጠየቁት ስለ አንድ የጠፋ ዕቃ መስሏቸው የድሮ መዝገብ አስወጡ። በሚቀጥለው ኮንቴይነር ጥቅምት 29 ሊጽፉ ሲሉ ሳጥኑ እምቢ አለ። ጥቅምት 30 ሲሉም እምቢ። ፌብሩዋሪ በዚያ ዓመት 28 ቀን ብቻ ነውና። ሻምበል ይሄን ሲሰሙ «ጥቅምት 30 የሌለበት አገር የት ነው?» አሉኝ፤ እኔም የማይክሮሶፍት አገር ነው አልኳቸው። ጳጉሜንን ለማስገባት ማን ይሞክር? አሥራ ሦስተኛ ወር ማለት እዚያ ቤት ስድብ ነው።

የቀኑን ሳጥን ሰብሬ ሦስት ምርጫ አደረግኩት፦ ቀን፣ የወር ስም በአማርኛ፣ ዓመተ ምሕረት። ወደ ፈረንጅ የሚቀይረው ከበስተ ኋላ ያለው ቀመር ነው። በየአራት ዓመቱ ጳጉሜን ስድስት እንደምትሆን የሚያውቅ ቀመር መጻፍ አንድ ቅዳሜና እሁድ ይበላል። ግን በኔ እምነት ይሄ ሁሉ ሲጨመቅ ያዋጣኝ ሥራ እሱ ነው። አገር ውስጥ የሚሠራ ሪፖርት ሰውን «መጀመሪያ በልብህ ቀይርና ጻፍ» ካለው፣ ስሕተቱ የሚጀምረው ሰውየው ገና ሳይጽፍ ነው።

በምርጫው ከተደሰትኩ በኋላ ምክንያቶቹንም በምርጫ ለማድረግ ተነሣሁ። መብራት መጥፋት፣ የመንገድ መዘጋት፣ የኤልሲ መዘግየት፣ የዋጋ ጭማሪ፣ የተፎካካሪ ዋጋ፤ ያልጠቀስኩት ካለ ብዬ ደግሞ «ሌላ»። በመጀመሪያው ወር አገሩ ሁሉ «ሌላ» ሆነ። ሽያጭ ለምን ወረደ? በሌላ። ደሴስ? በሌላ። በሁለተኛው ወር «ሌላ»ን አነሣሁት። ዝርዝሩ በፊደል ተራ የተደረደረ ስለሆነ አናቱ ላይ የቀረው መብራት ነው። ሰውም ሳጥኑን ከፍቶ የመጀመሪያውን ነክቶ ይወጣል። በዚያ ወር ሪፖርታችንን ያየ ሰው የኢትዮጵያ ጎማ በኤሌክትሪክ የሚሽከረከር ይመስለዋል። አሁን ምርጫም አለ፣ ከምርጫው ሥር ደግሞ ባዶ መጻፊያ አለ፤ ምርጫው ለግራፉ ነው፣ ባዶው ለጋሼ። «ሌላ»ንም መልሻለሁ፤ ግን «ሌላ» ያለ ሰው ባዶውን ሳይሞላ መላክ አይችልም። በማግስቱ «ሌላ» በግማሽ ቀነሰ፤ ሰው መጻፍ ከሚያስገድደው ነገር መሸሽ እንደሚችል ማን አጣው።

ከዚያ እትዬ አንድ ጥያቄ አነሡ። «ይሄን ሁሉ የሚጽፈው ማነው?» አሉ። ሳጥኑ የሚጽፈውን ሰው ኢሜይልና ሰዓት ራሱ ይመዘግባል፤ እስከዚያ ቀን ገጹ ላይ አላወጣሁትም ነበር። «ስም የሌለው ሰነድ እኔ ቢሮ አይገባም» አሉ። ልክ ናቸው፤ እኔም ከእሳቸው ጋር ነኝ። ስሙን ገጹ ላይ አወጣሁት። በዚያው ሳምንት አማርኛው ተለወጠ። ትናንት «ነጋዴው ከጎረቤት ሱቅ በርካሽ እያገኘ ነው፣ ዋጋችን አልቻለም» ብሎ የጻፈው ሰው «በተለያዩ ምክንያቶች የሽያጭ አፈጻጸሙ የሚጠበቀውን ያህል አልሆነም፤ ጉዳዩ በክትትል ላይ ይገኛል» ብሎ መጻፍ ጀመረ። «በታሳቢነት ቢያዝ» የሚል መጣ። ሙሉ በሙሉ ባዶ አድርገው የሚልኩም ነበሩ። እውነቱ ግን የትም አልጠፋም፤ በስልክ ወደ ጋሼ መሄድ ጀመረ። ጋሼም በስልክ የሰሙትን ራሳቸው ሳጥኑ ውስጥ ይጽፉታል። ስለዚህ ለአንድ ወር ያህል ስለ ጅማ ሽያጭ የሚናገረው የጅማ ሰው ሳይሆን ጋሼ ነበሩ።

በዚህ መሐል ስሙ ወጣ አልወጣ ግድ ያልሰጣቸው ሻምበል ብቻ ናቸው። ማዕረጋቸውን ሳይቀር ጽፈው እንዲህ አሉ፦ «እኔ በእጄ ቆጥሬ 318 ጎማ አለኝ። ሲስተሙ 342 ይላል። ሲስተሙ ይምጣና ይቁጠር።» ጋሼ ይሄን ሲያነቡ ከመቀመጫቸው ተነሥተው ቁጥሩን በጣታቸው ገፉት። «በይ አርሚው፤ 318 አድርጊው።» አላረምኩትም። የሲስተሙን ቁጥር ብሰርዘው 24ቱ ጎማ የት እንደ ሄደ የሚጠይቅ ሰው አይኖርም። ከጎኑ «በቆጠራ» የሚል ዓምድ ከፈትኩ፤ ሻምበል የሚጽፉት እዚያ ነው፤ በሁለቱ መሐል ያለውን ልዩነት ሪፖርቱ ራሱ አስልቶ ያወጣል። ጋሼ ለሁለት ቀን አኮረፉኝ። 24ቱ ጎማ ወደ ደሴ ተጭኖ ሄዶ የዝውውር ሰነዱ ሳይመዘገብ መቅረቱ የተደረሰበት በዚያ ልዩነት ላይ ዓይናቸውን ተክለው የዋሉት እትዬ ባደረጉት ማጣራት ነው። ጋሼ ኩርፊያውን ተዉ፤ ይቅርታ ግን አልጠየቁም፣ እኔም አልጠበቅኩም።

በ2025 እ.ኤ.አ. ማይክሮሶፍት ለዚህ ሁሉ ጣጣ አዲስ ነገር ማምጣቱን አሳወቀ። ሌላ ቅጽ መሰካት ሳያስፈልግ ሪፖርቱ ላይ ቁልፍ ይደረጋል፤ አንባቢው ጽፎ ቁልፉን ሲጫን ከበስተ ኋላ ያለች አጭር ፕሮግራም ጽሑፉን ወደ ዳታቤዙ ታስገባለች፤ ገጹ እዚያው ያሳየዋል። ዋጋ ማጽደቅ፣ ቅናሽ መፍቀድ፣ ትእዛዝ ማስተላለፍ ሁሉ ከሪፖርቱ ሳይወጡ ይሆናል። ዝም ብዬ ዜናውን ብቻ ነው ለጋሼ የነገርኳቸው።

«ቁልፉን የሚጫነው ማነው?» አሉ።

ይሄን ጥያቄ በሚቀጥለው ስብሰባ አነሡት፤ ስብሰባው እዚያው ላይ ቆመ። የሽያጭ ኃላፊው ቅናሽ የሚፈቅደው ሽያጭ ስለሆነ ቁልፉ የሽያጭ ነው አለ። እትዬ ገንዘብ የሚነካ ቁልፍ ከሒሳብ ክፍል ውጭ አይወጣም አሉ። ሻምበል ዕቃው እሳቸው ዘንድ እያለ ሌላ ሰው ቁልፍ መጫኑ ትርጉም እንደሌለው በአጭሩ አስረዱ። ጋሼ ሁሉንም ሰምተው ሲያበቁ አንድ ቁልፍ ለሁሉም፣ ግን እሳቸው ካልተጫኑ የማይሠራ እንዲሆን ፈለጉ። መጨረሻው ኮሚቴ ሆነ። ሰብሳቢ እትዬ፣ አባላት ሽያጭና መጋዘን፣ ጸሐፊ እኔ። የመጀመሪያው ስብሰባ ማክሰኞ በ3 ሰዓት ተባለ። ጥሪውን ኮምፒውተሩ ላይ የሞላው የሽያጭ ኃላፊው ነው፤ የሰዓቱ ሳጥን ውስጥ እንደ ተባለው 3 ብሎ ጻፈ። ስለዚህ ጥሪው የደረሰን ለማክሰኞ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። ሻምበልና እትዬ «እገኛለሁ» የሚለውን ተጭነዋል።